ባለ ሁለት ፍሬኗ መኪና

እሑድ ጠዋት የድሮው ጣውላ መጋዘን ግቢ ተጠርጎ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ከዚያ ትልቁ የብረት በር ወለል ተደርጎ ይከፈትና መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ ለክብር እንግድነት እንደ ተጠሩ ሰዎች፣ ቀስ እያሉ ይገባሉ። የሁሉም ታናሽ የምትባለው እንኳ ከአንዳንዶቹ ባለቤቶች በዕድሜ ትበልጣለች። "አሮጌ" የሚለው ቃል ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አይነገርም፤ የሚባለው "ነባር" ነው፤ የባለቤቶቹም ማኅበር የነባር መኪኖች ማኅበር ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ አላፊ አግዳሚ አንገቱን በበሩ አስግጎ "ይቺ አሮጌ የማን ናት?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ባለቤቷ ኮፈኗን በስስ ጨርቅ እየወለወለ "አትስሚው፣ የኔ እመቤት" አላት እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

የግቢው ሥርዓት ከደጁ ይለያል። ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚዘዋወረው፤ የሰው መኪና መንካት ነውር ነውና። ዓይን ግን የሚከለክለው የለም። ዓይን በመስኮት ይገባል፤ ከጎማ ሥር ይንበረከካል፤ የበሩ ብሎኖች ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆሙን ያያል፤ ኒኬሉ ላይ የገዛ ፊቱን አይቶ ፀጉሩን ያስተካክላል። ጆሮም እንደ ዓይን ነጻ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ጥርስ ሐኪሙ የጥቁር መኪናውን በር እየከፈተና እየዘጋ ሰው ሰብስቦ ነበር።

"ስሙት! ስሙት እንጂ! 'ድፍ' ነው የሚለው። የአሁኖቹ 'ቿ' ይላሉ፣ ልክ እንደ ቆርቆሮ ክዳን። እንደገና ላሰማችሁ?"

"ሐኪም፣ ተዋት" አለው መኪኖቹን ቀጥቅጦ የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ። "እንዲህ ስትወዘውዛት አንድ ቀን በሩ ተነቅሎ እጅህ ላይ ይቀራል። አንተ ደግሞ መንቀል ትወዳለህ።"

"ቀናህ!"

"በምኑ ልቅና? ያንን በር ያቃናሁት እኔ አይደለሁ? 'ድፍ' ያሰኘሁትም እኔ ነኝ።"

እንዲህ እየተባባሉ የሚስቁት ሰዎች ያን ዕለት አንድ ዓይናቸው ወደ በሩ ነበር። ጋሽ ዝግታ መኪናቸውን ይዘው እንደሚመጡ ተሰምቷል።

ጋሽ ዝግታ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ተማሪው መሪውን እንደ ሰመጠ ሰው ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን ረግጦ፣ ላብ በላብ ሲሆን እሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው በለሰለሰ ድምፅ "ዝግታ፣ ልጄ፣ ዝግታ። የምንሄድበት ቦታ አይሸሽም" ይሉ ነበር። ከተማው ውስጥ መሪ የሚጨብጥ ሰው ግማሹ የእሳቸው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዳኛውም፣ ዳኛው ፊት የሚቆመው የመኪና ሌባም የተማሩት ከእሳቸው ነው ብለው የሚቀልዱ አሉ። እሳቸው ይህ ሲነሣ "ሌባው ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ፍሬቻ ሳያሳይ አይታጠፍም" ይላሉ እንጂ አይቆጡም።

ሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሲያረጅ በመሪው ወንበር ነው የሚያረጀው፤ ጋሽ ዝግታ ያረጁት በጎን ወንበር ነው። በዚያ ወንበር ፊት፣ እግራቸው ከሚያርፍበት ላይ፣ ሁለት ተጨማሪ ፔዳሎች ነበሯቸው፤ አንዱ ፍሪሲዮን፣ አንዱ ፍሬን። የመንጃ ትምህርት ቤቱ መካኒክ ከቁርጥራጭ ብረት አበጅቶ፣ በወለሉ ሥር ዘንግ አሳልፎ፣ ከዋናዎቹ ፔዳሎች ጋር ያጋባቸው ናቸው። ተማሪው ቢዘነጋ ጋሽ ዝግታ ይይዛሉ። ስለዚህ አያያዛቸውም አንድ ቃል ነበራቸው፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግሩት ይኸንን ነው።

"እኔ ፍሬን የምይዘው አንተ ስትሳሳት ብቻ ነው። ፍሬኔ ከተሰማህ ወደ እኔ አትዙር። ስሕተትህን ፈልግ።"

ተማሪዎቹም ይፈልጉ ነበር። መኪናዋ ቀጥ ስትል ጉሮሯቸውን ጠርገው "ስፖኪዮ አላየሁም መሰለኝ፣ ጋሽዬ" ይላሉ። እሳቸውም "ጎሽ" ይላሉ፤ ጉዞ ይቀጥላል።

ጡረታ የወጡ ዕለት ትምህርት ቤቱ አዳዲስ መኪኖች አስመጥቶ ስለ ነበር፣ እንደ ሌላው ጡረተኛ የግድግዳ ሰዓት በመስጠት ፈንታ፣ ያችኑ ሲያስተምሩባት የኖሩትን ትንሽ መኪና መረቀላቸው። እሳቸው በደስታ አለቀሱ። ባለቤታቸው ግን መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ስትቆም አይተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

"እንግዲህ ጠዋት መስኮት ስከፍት እሷን ላያት ነው?"

"እሷም እኮ አንቺን ታያለች" አሏቸው ጋሽ ዝግታ።

"ምን ጎደለባትና! እኔ ለራሴ መጋረጃ ብዬ ያስቀመጥኩትን ጨርቅ ለእሷ ልብስ አድርጊላት በለኝ ደግሞ።"

አላሏቸውም፤ ባለቤታቸው ራሳቸው አደረጉት። ልብስ ሰፊ ነበሩና፣ መቀመጫዎቹ ተነቅለው በረንዳ ላይ ሲከመሩ ስፌታቸው ተሰነጣጥቆ ማየት አላስቻላቸውም። የቡና ዓይነት ቀለም ያለው ወፍራም ጨርቅ ፈልገው፣ ጠርዙን በነጭ ክር ደርዘው ሰፉላት። "ከእኔ የተሻለ ልብስ ያላት እሷ ናት" እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ያማርራሉ፤ ጎረቤት ሊያይ ሲመጣ ደግሞ በሩን ቀድመው የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።

የብረቱን ሥራ የያዘው ባትላሜራው ነው። ዝገቱን ፍቆ፣ የተጨማደደውን ቀጥቅጦ፣ ድሮ "ተማሪ" የሚለው ሰሌዳ ቆሞበት የነበረውን የጣራ ቀዳዳ በብየዳ ሞልቶ፣ ስቱኮውን እንደ መስተዋት አለስልሶ፣ የአተር እሸት የመሰለ አረንጓዴ ቀባት። ጋሽ ዝግታ ከጎኑ አልተለዩም። ወለሉን ሲያነሣ ሁለቱን ተጨማሪ ፔዳሎች አይቶ መፍቻውን እንደ ያዘ ቀና አለ።

"እነዚህንስ?"

"እነሱን እንዳትነካብኝ!"

ስለዚህ ዘንጎቹ ተወልውለው፣ ቅባት ጠጥተው፣ ተመልሰው ገቡ። የፔዳሎቹ ላስቲክ ግን አልተለወጠም። የጋሽ ዝግታ ጫማ ሶል በሁለቱም ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል።

ያን እሑድ መኪናዋ በግቢው በር ስትገባ ጨዋታው ሁሉ ቆመ። ጥርስ ሐኪሙ የራሱን በር ክፍት ትቶ መጣ። ሰዉ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ከበባት።

"ቀለሙን እየው! እየው እንጂ! አይጮኽም፣ አያፍርም።"

"መብራቷ ዙሪያ ያለው ኒኬል የራሷ ነው?"

"የራሷ ነው" አሉ ጋሽ ዝግታ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ከገዛ አካሏ የተለወጠ ቢኖር የላስቲክ ቱቦና የደከመ ሽቦ ብቻ ነው።"

"መቀመጫውን ማን ሰፋው? ይኼ ደርዝ የእጅ ነው እኮ!"

"የሚስቴ ነው። ለእኔም ትሰፋልኛለች ብለህ ግን እንዳትሄድ፤ በሩን ዘግታብህ ነው የምትመልስህ።"

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት ፋርማሲስቷ ነበረች። የራሷ ነባር መኪና ያላት የማኅበሩ አባል ናት፤ መንዳት የተማረችው ግን በዚህችው ትንሽ መኪና ነው። መስኮቱ ላይ ተደፍታ "ወይኔ፣ ጋሽዬ! ያ የማርሽ ዘንግ! ሦስተኛው ማርሽ አሁንም ይደበቃል?" አለች። "አሁን አይደበቅም፤ ይሉኝታ ይዞታል" አሏት።

ማኅበሩ መኪና የሚቀበለው ግን በአድናቆት አይደለም። ተቀባይነት ያገኘች መኪና በየዓመቱ ወደ ሐይቁ በሚደረገው ጉዞ ላይ ከሌሎቹ ጋር ትሰለፋለች፤ ያላገኘች ከመንገድ ዳር ቆማ ታያለች። ጋሽ ዝግታ ይኸን ሰልፍ ከመንገድ ዳር ሆነው ብዙ ጊዜ አይተዋል። ዘንድሮ ውስጡ ሊሆኑ ነው የመጡት፤ እንደሚሆኑም ቅንጣት አልተጠራጠሩም።

መርማሪው ሰብሰብ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ሥራው መሬት መቀየስ ነው። ከሸሚዙ ኪስ የብረት ማስመሪያ ስለማይለይ ሚሊሜትር ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለመኪና ያለው ፍቅር በልክ የሚነገር ስለ ሆነ ነው። በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ በሌላው በር ለካ፤ ፈገግ አለ። ሰዉ ሚሊሜትር ፈገግ ሲል አይቶ ስለማያውቅ እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ። በመጨረሻ የጎን በሩን አስከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ወለሉ ሰደደ፤ እዚያው ቆየ።

"ጋሽ ዝግታ" አለ ከውስጥ። "እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"የእኔ ፔዳሎች ናቸዋ!"

ሚሊሜትር አንገቱን አወጣ። ፈገግታው ጠፍቷል። "ደንባችን 'ከፋብሪካ እንደ ወጣች' ነው የሚለው። ፋብሪካው ሁለት ፍሬን አልሠራላትም።"

"ፋብሪካው ተማሪዎቼን አያውቃቸውማ!"

ግቢው ሳቀ። ሚሊሜትርም በጥቂቱ ሳቀ፤ ግን ከቃሉ አልተነቃነቀም። "ይነቀሉ፤ ወለሉ ይደፈን። ከዚያ በኋላ የምላት ነገር የለኝም፤ እንደ እሷ ያለ ሥራ አላየሁም።"

ክርክሩ ተቀጣጠለ። ጥርስ ሐኪሙ "ይኼ እኮ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ይጠቅማል፣ ግን አብሯት አልተወለደም" አለ። ባትላሜራው "አብሯት ካረጀስ?" አለው። ፋርማሲስቷ ደግሞ "እነዚያ ፔዳሎች ባይኖሩ ኖሮ እኔ አልኖርም ነበር፤ የልብስ መደብሩ ቪትሪን ውስጥ ነበር የምቀረው!" ብላ ሁሉንም አሳቀች። ግማሹ "ይነቀሉ"፣ ግማሹ "ይቆዩ" አለና እኩል ለእኩል ሆነ።

ጋሽ ዝግታ አልለመኑም። መኪናቸው ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው፣ እሳቸው ባለቤት ናቸውና መንካት ይችላሉ፣ ረጋ ብለው ተናገሩ።

"ልጆች፣ እነዚህ ከወጡ ቆንጆ መኪና ትሆናለች። የእኔ ግን አትሆንም። ካልተቀበላችኋት እንዳለች ወደ ቤቷ ትመለሳለች እንጂ፣ እኔ ለሐይቅ ብዬ እግሯን አልቆርጥም።"

ሚሊሜትር ማስመሪያውን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ቆየ። "እንግዲህ መንገድ ይፍረድ" አለ። "ልሞክራት። ብረቶቹ አካሄዷን ካላደናቀፉ ይቆዩ፤ ካደናቀፉ ይነቀላሉ ወይም ትቀራለች። ተስማማን?"

"ተስማማን!" አሉ ጋሽ ዝግታ። ፍሬኗን ያስተካከሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሽንፈት የሚባል ነገር አልታያቸውም።

በማኅበሩ የመንገድ ሙከራ ባለቤት አይነዳም፤ ባለቤት አይናገርም። ባለቤት የመኪናውን ሕመም ስለሚያውቅ ሲነዳ እያባበለ ይደብቅላታል፤ ሲናገር ደግሞ ይማልላታል። ስለዚህ መሪውን መርማሪው ይይዛል፤ ባለቤት ከጎኑ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል፤ ከኋላ አንድ ምስክር ይቀመጣል፤ ምስክርም ቢሆን ግቢ እስኪገባ አይተነፍስም። ምስክር እንድትሆን ፋርማሲስቷ ተመረጠች። ሚሊሜትር መሪውን ያዘ። ጋሽ ዝግታ የጎኑን በር ከፍተው ዕድሜ ልካቸውን በተቀመጡበት ወንበር ተቀመጡ።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ያ ወንበር ጋሽ ዝግታን ያውቃቸዋል። እንደ ተቀመጡ ጀርባቸው ቀጥ አለ፤ ዓይናቸው ወደ መንገዱ ጫፍ ተወረወረ፤ ቀኝ እግራቸውም ባለቤቱን ሳያማክር ሄዶ የድሮ ቦታው ላይ አረፈ። ጋሽ ዝግታ ይኸንን አላወቁም። ሐሳባቸው ሁሉ ሞተሯ ላይ ነበር፤ ሞተሯ ደግሞ እንደ ረካች ድመት ታንኮራፋለች።

ከግቢው ወጡ። የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ሲደርሱ ሚሊሜትር ፍሬቻ አሳየ፤ ማርሽ ቀነሰ፤ ሊታጠፍ መሪውን ሲያዞር መኪናዋ ድንገት ዘፍ አለች። ቅንድቡን አነሣ። ጋሽ ዝግታም አነሡ። 'ትናንት እንደ ቅቤ ነበር እኮ የሚይዘው' አሉ በልባቸው። አደባባዩ ጋ አንድ ብስክሌተኛ ገና ከሩቅ ብቅ ሲል መኪናዋ እንዳለች ቀጥ አለች፤ የሚሊሜትር ማስመሪያ ከኪሱ ተፈናጥሮ ከመስታወቱ ሥር ባለው ክሩስኮት ላይ ተንቀጫቀጨ። ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው በሚያወጣው ዳገት ደግሞ መሐል ላይ ሞተሯ ያለ ሥራ ጮኸች፤ አንድ ሰው ፍሪሲዮን የረገጠ ይመስል ነበር። ሚሊሜትር የገዛ እግሩን ጎንበስ ብሎ አየ። እግሩ በቦታው ነው። ቁልቁል ሲመለሱ በዚያው አጥር ጥግ እንደገና ዘፍ አለች።

ጋሽ ዝግታ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ደንብ ነው። ላባቸው ግን በአንገታቸው ወረደ። ከኋላ ፋርማሲስቷ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ወደ ጣራው ታያለች።

ግቢው ውስጥ ሰዉ ከበባቸው። ሚሊሜትር ወረደ፤ ሲናገር ድምፁ ኀዘን ያዘለ ነበር።

"ሞተሯን ወድጄዋለሁ። መሪዋ ቀጥ ያለ ነው። ፍሬኗ ግን የራሷ ፈቃድ አላት፤ ሳልነካው ይይዛል። ፍሪሲዮኗም አንድ ጊዜ እንዲሁ ሆነ። እነዚያ ዘንጎች ናቸው የሚጎትቷት፤ ሌላ ምን ይሆናል? ይውጡ።"

"ፍሬኗን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት!" አሉ ጋሽ ዝግታ። "በገዛ እጄ! ምላሴ ይቆረጥ፣ ያ ፍሬን ማንም ሳይጠራው አይመጣም!"

ባትላሜራውም ነገሩ የእሱም ስም ነበርና ክሪኩን አምጥቶ አነሣት፤ ጎማዎቹን በየተራ በእጁ መታቸው፤ እንደ እንዝርት ዞሩ። የሚጎትት ነገር የለም። ሁሉም ግራ ገባው።

"ምስክራችን ምን ትላለች?" አለ ጥርስ ሐኪሙ።

ፋርማሲስቷ ሻሿን ከአፏ አወጣች። መጀመሪያ ሳቋ ነው የቀደማት፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ "ጋሽዬ…" አለች። "እግርዎ።"

"እግሬ ምን ሆነ?"

"እርስዎ እኮ ነዎት የያዙት። ጥጉ ላይ ሲወጣም ሲመለስም ያዙት፣ አደባባዩ ላይ ያዙት፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን ረገጡ። ልክ እንደ ድሮው።"

ጋሽ ዝግታ ጫማቸውን አዩት። ጫማው የሌላ ሰው እንደ ሆነ ሁሉ ለረጅም ጊዜ አዩት። ግቢው ሊስቅ አፉን ሲከፍት ግን ሚሊሜትር ቀደመ። ፊቱ ተለዋውጧል።

"እርስዎ ነዎት የያዙኝ?" አለ ቀስ ብሎ። "ምን አጠፋሁ?"

ሳቁ እዚያው ቀረ። ያ ጥያቄ ከእነሱ ግማሹ ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው። ወዲያው የድሮ ተማሪዎች ሁሉ ስሕተቱን ይፈልጉለት ጀመር። "ስፖኪዮ አላየህ ይሆናል።" "ጥጉ ላይ ወደ አጥሩ ተጠግተህ ይሆናላ!" "ብስክሌተኛውን ዘግይተህ ነው ያየኸው፤ እኔንም በብስክሌት ነው የያዙኝ።" ሚሊሜትር በጣቱ እየቆጠረ መንገዱን ከራሱ ጋር ይመላለስ ነበር። "አይቻለሁ… ፍሬቻ አሳይቻለሁ… ፍጥነቴ…"

ጋሽ ዝግታ ይኸን ቆመው ሰሙ። መውጫው ወለል ብሎ ተከፍቶላቸዋል። "አዎ፣ ትንሽ ፈጥነሃል" ቢሉ ያልቃል። ፔዳሎቹ ሥራቸውን ሠሩ ይባላል፤ ይቆያሉ። የሳቸውም ቃል እንደ ቆመ ይኖራል፤ መኪናዋም ሐይቅ ትወርዳለች። ሚሊሜትር ነው የሚቀልለው፤ እሱም አምኖ ነው የሚቀልለው። እውነቱን ካወጡት ደግሞ፣ ብረቶቹ አካሄዷን ያለ ምክንያት አደናቀፉ ማለት ነው፤ ፍርዱ "ይነቀሉ" ነው።

"ና ወዲህ" አሉት ሚሊሜትርን። ድምፃቸው የድሮው ድምፅ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። "ጣትህን አትቁጠር። ምንም አላጠፋህም። ስፖኪዮህንም አየህ፣ ፍሬቻም አሳየህ፣ ጥጉንም በልኩ ነው የያዝከው። ጥሩ ነጂ ነህ። የያዝኩህ ያለ ምክንያት ነው።"

"ያለ ምክንያት?"

"እግሬ ለምዶት። እኔ መያዜንም አላወቅሁም።"

ከዚያ ጉድ ፈላ።

"እንዴ፣ ጋሽዬ!" አለ ጥርስ ሐኪሙ። "ታዲያ እኔን ያን ቀን ባቡር ጣቢያው በር ላይ…?"

"የአንተማ ተገቢ ነበር! ሻንጣ ተሸካሚው ላይ ልትወጣ ነበር!"

"የእኔስ? ገበያው ዳር?" አለ ሌላው።

"አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር የምትነዳው፤ አንተ ዝም በል!"

"እኔስ፣ ጋሽዬ?" አለች ፋርማሲስቷ። "የልብስ መደብሩ ጥግ፣ የመጀመሪያው ቀን አይደለም፣ ሁለተኛው። ስሕተቴን ስፈልግ አደርኩ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። 'ጎሽ' ሳይሉኝ ነው የቀሩት።"

ጋሽ ዝግታ አሰቡ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ምናልባት ስሕተት አልነበረም፣ ልጄ" አሉ።

እሷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ከብዙ ጊዜ በፊት የተቆለፈ ነገር ሲከፈት ጋሽ ዝግታ ሰሙት። እሳቸውም ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ባትላሜራው ደግፎ ያዛቸው።

ሚሊሜትር ብቻ አልሳቀም። ማስመሪያውን ወደ ኪሱ መለሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዝም በሉ እስቲ! ፍርድ አልሰጠሁም። ብረቶቹ ካደናቀፉ ይነቀላሉ ነው ያልኩት። ብረቶቹ አላደናቀፉም። ያደናቀፈው ሰው ነው። ሰው ደግሞ በደንባችን አይነቀልም። ሙከራው ይደገማል። ባለቤት ከኋላ ይቀመጣል።"

"ከኋላ?" አሉ ጋሽ ዝግታ።

"ከኋላ።"

ፋርማሲስቷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆኑ፤ በዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ባለቤታቸው የሰፉት ደርዝ ጭናቸውን ሲነካቸው፣ ከዚያ ሆኖ የሚታየው መንገድ ጠባብና የሰው ማጅራት የበዛበት መሰላቸው። ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ጀርባ ጋር ተጋጨ። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ እግራቸው ተነሣ፤ የሚረግጠው አጥቶ አየር ላይ ቆየ። መኪናዋ ግን በሚሊሜትር እጅ እንደ ውኃ ታጠፈች። አደባባዩን ዞረች፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣች፤ ከላይ ሚሊሜትር ሳያስበው ያፏጭ ጀመር። ጋሽ ዝግታ ከኋላ ሆነው መኪናቸው ያለ እሳቸው ስትሄድ አዩ፤ መሄድ ታውቃለች። ኩራት ይሁን ቅናት የማይለይ ነገር ደረታቸው ላይ ተላወሰ፤ ትንሽ ቆይተው ኩራት ነው ብለው ወሰኑ።

"ተቀብለናል!" አለ ሚሊሜትር በሩ ላይ ገና ሳይወርድ። "ከነብረቶቿ!" ግቢው አጨበጨበ። ጥርስ ሐኪሙ በደስታው ረስቶት የመኪናዋን ኮፈን በመዳፉ መታ አደረገ፤ ከዚያ የገዛ እጁ አስደንግጦት ወደ ኋላ መለሰው።

ሰዉ ሲበተን ፋርማሲስቷ መጣች።

"ጋሽዬ፣ ቤትዎ ላድርስዎት? የእኔዋ እዚሁ ትቆይ። እስቲ አንድ ጊዜ ልንዳት።"

ቁልፉን ሰጧት። የኋላውን በር ከፍታ ስትጠብቃቸው አለፉትና የፊቱን ከፈቱ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እሷ የኋላውን በር ዘግታ ከመሪው ፊት ተቀመጠች። ወንበሯን አስተካከለች፤ ስፖኪዮውን አየች፤ ፍሬቻ አሳየች፤ ወጡ። ጋሽ ዝግታ ሁለቱንም እግሮቻቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ አንዱን ባንዱ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ሥር ከተቷቸው።

ከልብስ መደብሩ አጠገብ ጥጉ ሲቀርብ ፋርማሲስቷ በዓይኗ ጫፍ ወደ እሳቸው አየች።

"አይይዙም?"

"ነጂው አንቺ፣ ምን አገባኝ?"

ማርሽ ቀነሰች፤ መሪውን ዞር አደረገች፤ ታጠፈች። ጥሩ አድርጋ ነው የታጠፈችው። ጋሽ ዝግታ በመስኮት የሱቆቹን ደጃፍ፣ ወንበር አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁትን ሰዎች ያያሉ። ጣቶቻቸው በጫማቸው ውስጥ እጥፍ ብለው ተጨብጠዋል፤ እግራቸው ግን ከወንበሩ ሥር አልወጣም።